የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

በአዲስ አበባ ግድግዳዎች ላይ በብዛት ከተጻፉት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ብዙ አላስብም። ግጥም አይደለም፤ መፈክርም አይደለም። ሦስት ቃል ነው፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። መርካቶ ዱባይ ተራ ከመስታወት ጀርባ ተለጥፏል። ቦሌ ባሉት ባለ ሊፍት ሕንፃዎች ውስጥ በሚያብረቀርቅ ፊደል ተቀርጿል። በደረሰኝ ግርጌ በማኅተም ይመታል። ዛሬ ደግሞ ከግድግዳ ወርዶ ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ በቴሌግራም የሚሸጡ ቻናሎች መግለጫቸው ላይ፣ ከስልክ ቁጥራቸውና ከ«ነጻ ዴሊቨሪ» ቀጥሎ ያሰፍሩታል።

ለዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ ዓረፍተ ነገር ስተነትን የኖርኩ ሰው ነኝና ይህችን ሦስት ቃል ባየሁ ቁጥር ጣቴ ጠመኔ ይፈልጋል። እስቲ አብረን እንያት። «የተሸጠ»፤ ተገብሮ ነው። ማን ሸጠው? አይታወቅም። «አይመለስም»፤ ይህም ተገብሮ ነው። የማይመልሰው ማን ነው? እሱም አይታወቅም። የሸጠ የለም፣ የከለከለ የለም፤ ዕቃው ራሱ አንዴ ከወጣሁ አልመለስም ብሎ የማለ ይመስላል። «ዝናብ ይዘንባል»፣ «ቀን ይመሻል» እንደማለት የተፈጥሮ ሕግ አስመስለው ነው የጻፉት። ባለሱቁ «እኔ የሸጥኩልህ ዕቃ ቢበላሽ እንኳ ገንዘብህን አልመልስልህም» ብሎ ቢጽፍ እኮ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያነበው ነበር፤ አንዳንዱም «ለምን?» ይል ነበር። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ግን «ለምን?» አይባልም። ሰዋስው ለብልጥ ሰው እንዲህ ያገለግላል።

ሕጉ ግን ባለቤት አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ሕጉ ሲጻፍ ቴሌግራም ቀርቶ ቴሌቪዥንም አገራችን አልገባም ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ደግሞ ነገሩን በቀን ቆጥሮ አስቀመጠው፦ ሸማች በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በነጋሪት ጋዜጣ የታተመውን አዋጅ በአንድ ገጽ ወረቀትና በማጣበቂያ መሻር የተቻለበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ። የእኛ ባለሱቆች ግን ሽረውታል። እኛም አንብበን፣ ራሳችንን ነቅንቀን፣ ከፍለን ወጥተናል።

እዚህ ላይ «አገሬው ሁሉ አጭበርባሪ ነው ልትል ነው?» የሚል አይጠፋም። አልልም። እንዲያውም የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። የሠፈሬ ባለሱቅ የተበላሸ እንቁላል ይዤለት ብሄድ ያለ አንድ ቃል ይለውጥልኛል። ወተቱ ሲፈላ ከተቋጠረም «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብሎ ሌላ ያነሳልኛል። ግድግዳው ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ የሚባል ነገር መኖሩን መስማቱንም እጠራጠራለሁ። ሱቅ በደረቴ እየዞረ የሚሸጠው ልጅ እንኳ ላይተሩን ሁለት ሦስቴ ለኩሶ፣ ባትሪውን ሬዲዮ ውስጥ አስገብቶ አሳይቶ ነው ብር የሚቀበለው። ምናለሽ ተራ የወደቀ ብረት ስትገዙ እንኳ አገላብጣችሁ፣ መትታችሁ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ነው። እና እንዴት ሆኖ ነው ድሃው ነጋዴ የሚያደርገውን ባለሕንፃው ነጋዴ የማያደርገው?

መልሱ ከባድ አይደለም። የሠፈሩ ባለሱቅ ነገ ጠዋት ፊቴን ያያል። ሳልገባ ባልፍ ያውቃል፤ ለጎረቤት ብነግር ይሰማል። የተበላሸውን እንቁላል የሚለውጠው ደግነት ብቻ ሆኖበት አይደለም፤ ሒሳብም አለበት። ሻጭና ገዢ ነገ በሚተያዩበት ቦታ ዕቃ ይመለሳል። በማይተያዩበት ቦታ የሚመለሰው ሕግ ካስገደደ ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ኮሮና ቤት ካስገባን በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደግሞ ቴሌብር ሲጨመር፣ ከተማው በስልክ መግዛት ለመደ። ጫማ፣ መጋረጃ፣ የሕፃን አልጋ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሽቶ፣ የማይባል የለም። ፎቶው ከቻይና ካታሎግ የተወሰደ ነው፤ ዋጋው «በውስጥ መስመር» ነው። (ዋጋ ምስጢር የሚሆንበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ እንደሆነ ለብቻው አንድ ጽሑፍ ይወጣዋል።) ሻጯን አታውቋትም፣ አታውቃችሁም። ሱቋ የት እንዳለ አይታወቅም፤ ሱቅም ላይኖራት ይችላል። ድሮ ሱቅ በደረቴ ነበር፣ ዛሬ ሱቅ በስልኬ ነው። ልዩነቱ ሱቅ በደረቴ ፊት ነበረው። ይኸኛው ያለው አንድ «ብሎክ» የሚባል ቁልፍ ነው። እሱን ስትጫን ሱቁም፣ ባለሱቋም፣ ገንዘባችሁም በአንድ ጊዜ ይሰወራሉ።

በዚህ ገበያ ውስጥ ገዢና ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገናኙት የት ነው? ደጃፍ ላይ። ሞተረኛው ሄልሜቱን ሳያወልቅ «እማማ፣ ዕቃ ነበረ» ሲል። ያቺ ደቂቃ ናት ገበያው ማለት። ድሮ በመርካቶ ግማሽ ቀን የሚፈጀው መዳሰስ፣ ማገላበጥ፣ መለካት፣ መከራከር ሁሉ ተጠቅልሎ የገባው ወደዚያች አንድ ደቂቃ ነው። ያቺ ደቂቃ ግን ተወስዳብናለች። እንዴት እንደተወሰደች በአንድ ጉዳይ ላሳይ።

አንዲት ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለሁለት ምግብ ቤቶች የምታቀርብ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በዚያው ሥራ ሁለት ልጅ የምታስተምር ሴት ናት። ምጣዷ ተቃጠለባትና ልጇ በስልክ አዲስ የኤሌክትሪክ ምጣድ አዘዘችላት። ሰባት ሺህ ብር። ዕቃው በካርቶንና በፕላስተር ተጠፍሮ መጣ። «ልክፈተው» አለች። «መጀመሪያ ክፍያ ነው፣ እናቴ፤ ከተከፈተ አይመለስም ብለውኛል» አለ ልጁ። ከፈለች። ሞተሩ ከመንደሩ ሳይወጣ ካርቶኑ ተከፈተ፤ ምጣዱ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል። ሻጯ ጋ ሲደወል፦ «ከእኔ ሲወጣ ደህና ነበር፤ አድራሾቹን ጠይቁ።» አድራሾቹ ጋ ሲደወል፦ «የእኛ ሥራ ማድረስ ነው እንጂ ውስጡን ማየት አይደለም፤ ሻጯን አናግሩ።» እንደገና ሻጯ ጋ ሲደወል ስልኩ አይነሳም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ሴትዮዋ አራት ቀን አልጋገረችም። ከሁለቱ ምግብ ቤቶች አንዱ በዚያው ሌላ ጋጋሪ ያዘ። «ጋሼ፣ የእኔስ ገንዘቡ አይደለም፤ ደንበኛዬን ነው የሰረቁኝ» አለችኝ። የተሰነጠቀው ምጣድ እስከ ዛሬ ግቢዋ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

እንግዲህ ያ የ1952ቱ ሕግ ምን ይላል መሰላችሁ? ገዢ ዕቃውን ለመመርመር ዕድሉን እንዳገኘ ወዲያውኑ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። መመርመር የገዢ መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታው ጭምር ነው ማለት ነው! ደጃፍ ላይ የቆመው አሠራር ደግሞ «ከመረመርሽ አይመለስም» ይላል። ሕጉ «ክፈችና እይ» ሲል ገበያው «ካየሽ ያንቺ ነው» ይላል። ሁለቱን አስታርቆ መኖር የሚችል ካለ እሱ የቅኔ መምህር ነው።

ሞተረኛውን አትርገሙት። ይህን አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የከተማው ንዴት ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የሚያገኘው በጉዞ ነው። ዕቃው ካልተወሰደ ነዳጁም ሰዓቱም ከየት እንደሚካካስለት ሲጠየቅ ብዙዎቹ ድርጅቶች ወደ ጣሪያ ነው የሚያዩት። እኔ ያነጋገርኳቸው ልጆች የሚፈሩት ዝናብና ትራፊክ አይደለም፤ «አልወስድም» የምትለዋን ቃል ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ከጎዳና ሲከለከል የመጀመሪያው ዱላ ያረፈው እነሱ ላይ ነበር፤ ፈቃድ ያላቸው ብቻ ይሥሩ ተባለ። ይኸው ልጅ ነው እንግዲህ ባልሸጠው ዕቃ የሚሰደብ፣ ባላሸገው ካርቶን የሚጠረጠር፣ በማያውቀው ውል የሚከራከር። ሻጯ ያወጣችውን ሕግ ደጃፍ ላይ እንዲያስፈጽም ተልኳል። ፖሊስም ዳኛም ገንዘብ ተቀባይም አድርገውታል፤ የሚከፍሉት ግን የአመላላሽ ነው።

ለአድራሽ ድርጅቶቹም ምስጋና አለኝ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። አገራችን ፖስታ ከጀመረች ከ130 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው የተመሠረተው። ይሁን እንጂ ፖስታችን ወደ ሰው አልሄደም፣ ሰው ነው ወደ ፖስታው የሄደው፤ የመልእክት ሳጥን ቁጥር ያለው ሰው ቁልፉን ይዞ። ቤታችን ቁጥር ቢለጠፍበትም ቁጥሩን የሚጠራው የለም። «ከዳቦ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ጥቁሩ በር፣ ትራንስፎርመሩ ፊት ለፊት» ነው አድራሻችን። ይህን አድራሻ ተቀብለው አያት ጫፍ፣ ጀሞ ሦስት፣ የካ አባዶ ድረስ ዕቃ ያደረሱ እነዚህ ልጆች ናቸው። ከመቶ ዓመት በላይ ያልተሠራን ሥራ ሠርተዋል። ጠቡ ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆማቸው ነው። ራሳቸውን «ሎጂስቲክስ» ብለው ይጠራሉ፤ የሚያውቁት ግን መሄጃውን ብቻ ነው። መመለሻ የሌለው መንገድ ደግሞ መንገድ አይባልም፤ ገደል ነው።

ባሕር ማዶ ይኸው መመለሻ ራሱ ትልቅ ንግድ ሆኗል። በአሜሪካ የቸርቻሪዎች ፌዴሬሽን ግምት እ.ኤ.አ. በ2023 ገዢዎች ወደ ሻጮች የመለሱት ዕቃ 743 ቢሊዮን ዶላር ያወጣ ነበር፤ ከጠቅላላው ሽያጭ 14.5 በመቶ ማለት ነው። በ2024 ግምቱ ወደ 890 ቢሊዮን ዶላር፣ ወደ 16.9 በመቶ አደገ። ከስድስት ዕቃ አንዱ ተመላሽ ነው እንደማለት። ትልቁ አድራሽ ኩባንያ ዩፒኤስ በዚያው በ2023 ሥራው ዕቃ ማስመለስ ብቻ የሆነውን ሃፒ ሪተርንስ የተባለ ድርጅት እስከ መግዛት ደርሷል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉት ዘመዶቻችን ያውቁታል፦ ጫማው ከጠበበ ካርቶን የለ፣ ፕላስተር የለ፤ ስልክ ላይ ያለውን ኪው አር ኮድ አሳይቶ ባንኮኒው ላይ ጥሎ መሄድ ነው። ገንዘቡ ይመለሳል። ስንገናኝ «እናንተ አገር እኮ…» እያሉ ያስቀኑናል። (ያንኑ ጫማ ለእኛ ገዝተው በሰው ሻንጣ ሲልኩት ግን መሄጃ ብቻ ያለው ዕቃ ይሆናል። አማዞን የሚሰጠው የ30 ቀን ጊዜ ሻንጣው ቦሌ ከመድረሱ በፊት ያልቃል። ጫማውም ለማን ልክ እንደሚሆን ፍለጋ በዘመድ አዝማድ እግር ይዞራል።)

በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ መመሪያ የተሰጠው መብት ነው። ምክንያት ሳይሰጥ! እኛ ምጣዱ ለሁለት ተከፍሎ እንኳ ምክንያታችን አልተሰማም።

ይሁን እንጂ «እነሱ ያላቸውን በሙሉ አምጡልን» የሚል ጩኸት ውስጥ የለሁበትም። እዚያ የሚመለሰው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው ቅናቱ ይበርድለታል። ተመላሹ ዕቃ መፈተሽ፣ መታጠፍ፣ እንደገና መታሸግ አለበት፤ የሚፈትሸው ሰው ደሞዝ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ይበልጣል። ስለዚህ በጅምላ ተጭኖ በርካሽ ይሸጣል፤ አንዳንድ ጊዜ ሻጩ «ገንዘብህን መልሼልሃለሁ፣ ዕቃውንም ያዘው» ይላል፤ መመለሻው ከዕቃው ስለሚወደድ። የቀረው ይጣላል። እ.ኤ.አ. በ2021 አይቲቪ የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በስኮትላንድ ካለ የአማዞን መጋዘን በድብቅ የተቀረጸ ምስል ሲያሳይ፣ በአንድ ሳምንት ከ120 ሺህ በላይ ዕቃ «ይወገድ» የሚል ምልክት እንደተደረገበት የሚያሳይ ሰነድም አብሮ ወጥቶ ነበር። ያልተሸጠና የተመለሰ ዕቃ፤ ብዙው ያልተነካ። ነገሩ አሳፍሮ የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያልተሸጠ ልብስና ጫማ ማጥፋትን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ሊጀምር። ሻጮቹም ቢሆኑ ደክሟቸዋል፤ ዛራ በ2022 በእንግሊዝ አገር በኢንተርኔት የተገዛ ልብስ በመልእክት ሲመለስ ገንዘብ ማስከፈል ጀመረ። «ነጻ» የተባለው ነገር ድሮውንም ነጻ አልነበረም፤ ዋጋው ላይ ተደምሮ፣ ያልመለሰው ሰው ለመለሰው ሲከፍል ነው የኖረው። አንዷ ቀሚስ በሦስት ሳይዝ አዝዛ ሁለቱን ትመልሳለች፤ የነዳጁን ሂሳብ ዓለም ይከፍላል።

ስለዚህ እዚያ በቀላሉ ስለሚመለስ ዕቃው ይባክናል፤ እዚህ ጨርሶ ስለማይመለስ ሰው ይባክናል። እኔን ከሁለቱ ምረጥ አትበሉኝ።

የምጠይቀው የአሜሪካውን ምቾት አይደለም። ቀለሙ ዓይኔ አልገባም፣ አማቴ አልወደደችውም፣ ሰርግ ለብሼው ሄጄ ሰኞ ልመልሰው የሚለውን ሰው ወክዬም አልጻፍኩም። ይህ የመጨረሻው ደግሞ የሐሜት አይደለም፤ በቤታቸው ሆነው ልብስ የሚሸጡ ሴቶች ሽቶ ሽቶ የሚል ቀሚስ፣ ብብቱ የቢጫ ቀሚስ ተመልሶላቸው ያውቃል። «እኛም እኮ ድሆች ነን፤ ትርፋችን ሁለትና ሦስት መቶ ብር ነው፣ አንድ ተመላሽ የሳምንት ድካማችንን ይበላዋል» የሚሉት እውነታቸውን ነው። ለእነሱ የምለው ይህን ነው፦ ለዋልጌዋ ገዢ ስትሉ ያወጣችሁት ደንብ የሚመታው ምጣዷ የተሰነጠቀባትን ነው። ሁለቱን ለዩ። ሐሳብ መለወጥ ሌላ፣ መታለል ሌላ። ያዘዝኩት 40 ቁጥር ሆኖ 38 ከመጣ ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ የለወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ መፍትሔ ሳይሰጡ መራገም የጋዜጠኛ ልማድ ነው እንዳትሉኝ፣ አራት ነገር ልበል። አራቱም ዶላር አይፈልጉም።

አንደኛ፣ ክፈቺ፣ እይ፣ ከዚያ ክፈይ። አድራሽ ድርጅት የሆነ ሁሉ ለሻጭ «ደጃፍ ላይ የማይከፈት ዕቃ አልጭንም» ማለት ይችላል። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። አምስት ደቂቃ ለሞተረኛው ገንዘብ ነው ከተባለ የአምስቱ ደቂቃ ዋጋ የማድረሻው ሂሳብ ላይ ይጨመር፤ ገዢ በደስታ ይከፍላል። በስልክ ቀድሞ የተከፈለ ከሆነም ገንዘቡ ሻጭ እጅ ሳይገባ ገዢ «ደርሶኛል፣ ደህና ነው» እስክትል አድራሹ ጋ ይቆይ። ይህ ፈጠራ አይደለም። የገጠሩ ገበያ ውስጥ በሬ ሲሸጥ ገንዘቡን ይዞ የሚቆመው ሽማግሌ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የመመለሻው ሂሳብ የማን እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍ። ጥፋቱ የሻጭ ከሆነ ሻጭ ይክፈል፤ የመንገድ ስብራት ከሆነ አድራሽ ይክፈል፤ ፍላጎት መለወጥ ከሆነ፣ ሻጭም ከተስማማ፣ ገዢ ይክፈል። ሞተረኛው ግን በሦስቱም ይከፈለው። እሱ ሁለት ጊዜ ሄዷል።

ሦስተኛ፣ ደረሰኝ። ያለ ደረሰኝ 15 ቀን የሚባል ነገር የለም፤ ከመቼ ተነስተን ልንቆጥር? የብዙዎቹ የስልክ ሻጮች ደረሰኝ የገዢዋ ስክሪንሾት ነው። ከፋይ ራሷ ለራሷ ደረሰኝ የምትቆርጥበት አገር ሆነናል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የሚባል ሕግ አለን። በስልክ የሚሸጥ ሰው ስም፣ አድራሻና ፈቃድ ይኑረው የሚለውን ማስከበር ያለበት መሥሪያ ቤት ይህን ሕግ ከመደርደሪያ አውርዶ አቧራውን ያራግፍ። አድራሹ ድርጅትም የማያውቀውን ሰው ዕቃ ተቀብሎ «ሻጯን እኔ የት አውቃታለሁ» ማለት አይገባውም። ዕቃውን የተረከበው ከአየር ላይ አይደለም።

አራተኛዋ የእኛ ናት። ይሉኝታችን ለሌባ ጥላ ሆኗል። ደጃፍ ላይ «ልክፈተው» ማለት ያሳፍረናል፤ ሰው የጠረጠርን ይመስለናል። ሞተሩ ከሄደ በኋላ ግን ጎረቤት ሰብስበን እንጮኻለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያም በማግስቱ ያንኑ ቻናል ከፍተን መጋረጃ እናዛለን። ዕቃን ደጃፍ ላይ ከፍቶ ማየት ስድብ አይደለም። እናቶቻችን ቅቤ ሲገዙ ጣታቸውን እስከ ሥሩ ሰደው የመሐሉን አሽትተው ነበር፤ ባለቅቤዋ ተቀይማ አታውቅም። እንዲያውም የማያሸትተውን ገዢ ነበር የምትንቀው።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ምጣድ?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ለአንድ ምጣድ። ንግድ በእምነት እንደሚቆም ለመናገር የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። በስልክ መገበያየት ለዚህ ከተማ በረከት ሊሆን የሚችል ነገር ነበር፤ አሁንም ነው። ሱቅ ለመከራየት አቅም የሌላት እናት ልጇን ታቅፋ የምትሸጥበት፣ መርካቶ ድረስ መሄድ የማይችል አረጋዊ መድኃኒት ማስቀመጫውን የሚያዝበት፣ ሥራ ያጣ ልጅ ሞተር ይዞ እንጀራ የሚያገኝበት ገበያ ነው። ይህን ገበያ የሚገድለው የኔትወርክ መቆራረጥ አይደለም፤ መንግሥትም ብቻውን አይገድለውም። የሚገድለው ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀ ምጣድ ያስደገፈች አንዲት ሴት ለአሥር ሴቶች የምትነግረው ወሬ ነው። አሥሩም ያምኗታል፤ ምጣዱን አይተውታላ።

በቅኔ ቋንቋ ካየናት ያቺ ሦስት ቃል ሰም ብቻ አይደለችም፤ ወርቅ አላት። ለጣፊዎቿ አልታያቸው ብሎ እንጂ «አይመለስም» የሚለው ግስ ለዕቃ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ የምትገዛውን ሁሉ በእግሯ ሄዳ፣ በእጇ ዳስሳ፣ በዓይኗ አይታ ነው። ልጇ ስልኩን ስታሳያት ፊቷን ታዞራለች። ዕቃው አልተመለሰም፤ እሷም አትመለስም።